ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ያለው ፍሪጅ

የቢቸና ሰው ያከበረውን ማዕረግ ያሸክመዋል፤ የናቀውንም እንደዚያው። ዘሚራ አብዱልሐኪምን «ኢንጂነር» ብሎ የሰየማት ከሁለቱ በየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተጣራም። መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በአንድ ጫማ ሰፊና በአንድ የእህል መጋዘን መካከል የተጣበቀች የቆርቆሮ ክፍል ነበረቻት። በሯ ላይ «ኤሌክትሮኒክስ ጥገና» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ አንዱ አሽሟጣጭ በከሰል «የሞተ እናስነሣለን» ብሎ ጨምሮበታል። ደንበኛ ያመጣ እንደሆነ ብላ አልፋቀችውም።

የተወለደችው ሞጣ ነው። አባቷም፣ የአባቷም አባት በሞጣ ገበያ ጨርቅ ሸጠው የኖሩ ናቸው። ቤቱ ከክንድና ከስንዝር ሌላ ልክ አያውቅም። ዘሚራ ግን በአሥራ አራት ዓመቷ የአባቷን የተበላሸ ካልኩሌተር ፈታችና ውስጡ አንድም ቁጥር አጣች። አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ሽቦ፤ ቁጥር የለም።

«አባ፣ ቁጥሮቹ የት ሄዱ?»

«የፈታሽው አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን!» አሉ ጋሽ አብዱልሐኪም። «እንግዲህ ሄደሽ ፈልጊያቸው።»

ፍለጋው እስከ ዩኒቨርሲቲ ወሰዳት። እዚያ የዕድሜ እኩዮቿ በሙሉ የስልክ አፕ ሠርተው አገር ሊለውጡ ሲጣደፉ፣ እሷ ጡረታ የደረሰ አንድ መምህር ሥር ቁጭ ብላ አሴምብሊ ተማረች። አሴምብሊ ቺፕን ያለ አስተርጓሚ ማናገሪያ ቋንቋ ነው። ጓደኞቿ ሳቁባት። አገራችን አስተርጓሚ ይወዳል፤ የሚስቱን ኩርፊያ እንኳ በሽማግሌ ካልሆነ አይሰማም።

መምህሩ የነገሯት ነገር ይህ ነው። ቺፕ ቁጥር አያውቅም። የሚያውቀው ስምንት ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ስምንቱም ሲጠፉ ዜሮ ነው፤ ስምንቱም ሲበሩ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት። እዚያ ላይ አንድ ቢጨመር መያዣ ስለሌለው ሁሉም ተመልሶ ይጠፋል። ከዜሮ ላይ አንድ ቢቀነስ ደግሞ ሁሉም ይበራል። ስለዚህ እነዚያው ስምንት የበሩ መብራቶች አንድም ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ናቸው፤ አንድም ከዜሮ በታች አንድ ናቸው። የትኛው እንደሆኑ ቺፑ አይጠይቅም። ቁጥርን ከቁጥር ለማወዳደር ሁለት ዓይነት ትእዛዝ አለ፦ ከዜሮ በታች አገር መኖሩን የሚያምን ትእዛዝና የማያምን ትእዛዝ። ጸሐፊው ይመርጣል፤ ቺፑ ይታዘዛል። ጸሐፊው ከተሳሳተም ቺፑ በዚያው ትጋት ይታዘዛል፤ እንደ ጥሩ የመንግሥት ሠራተኛ።

ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ ስታነብ ከረመች። ማስታወቂያው ሁሉ አምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱን የሚሰጥ ግን የለም። በመጨረሻ ቢቸና መጥታ ያችን የቆርቆሮ ክፍል ተከራየች። ስም ያወጣላት የእንቁላል መፈልፈያ ነው። አንድ ዶሮ አርቢ ማሽኑ ተቃጥሎበት ሊያለቅስ ሲደርስ፣ ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ላይ የነቀለችውን ቺፕ በአሴምብሊ ጽፋ መቆጣጠሪያ ሠራችለት። ሙቀቱ ከሠላሳ ሰባት ሲያንስ ማሞቂያው ይበራል፤ ሲበልጥ ይጠፋል። በሃያ አንደኛው ቀን ጫጩት ጮኸ። እንቁላል ከዜሮ በታች አይፈለፈልምና፣ ዘሚራ የመረጠችው ትእዛዝ ከዜሮ በታችን የማያምነውን ነበር። ለጫጩት ትክክል ነው።

በከተማው ላይኛው ሰፈር አንድ የግል ክሊኒክ አለ። ባለቤቱ አቶ ገብረ ሕይወት ከመድኃኒት ይልቅ ማኅተም የሚያውቁ ሰው ናቸው። አንድ ቀን የመብራቱ ኃይል ጨመረና የመድኃኒት ፍሪጁን መቆጣጠሪያ አነደደው። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ወር ይፈጃል ተባለ። አቶ ገብረ ሕይወት ወደ ዘሚራ ሱቅ ወረዱ።

«አንቺ ልጅ፣ እንቁላል ያሞቀ ሰው መድኃኒት ማቀዝቀዝ ያቅተዋል?»

«ያው ነው ጋሼ፤ ግልባጩ ነው» አለች ዘሚራ።

የጫጩቱን ፕሮግራም ቀዳችና ገለበጠችው። ከስምንት ሲበልጥ የፍሪጁ ሞተር ይነሣል፤ ከሁለት ሲያንስ ይቆማል። ቁጥሮቹን ለወጠች፤ ማብራቱንና ማጥፋቱን አቀያየረች። የማወዳደሪያ ትእዛዙን አልነካችውም፤ የሚሠራ ነገር አይነካም የሚባል የጠጋኞች ሃይማኖት አለ። ከዚያ ፈተነችው። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ለስላሳ ሻጭ በረዶ ገዝታ በሳፋ ውኃ ውስጥ አደረገችና የሙቀት ሴንሰሩን ነከረችበት። ቁጥር ማሳያው መስታወት ዘጠኝ አለ፣ ስድስት፣ ሦስት፣ አንድ፣ ዜሮ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ቢቸና ገበያ ላይ በሳፋ ከሚቀልጥ በረዶ የባሰ ቅዝቃዜ አይሸጥም። ፈተናው እዚያ አበቃ፤ እሷም የልቧ ሞላ።

ፍሪጁን የሚጠብቀው ይታያል ነው፤ የክሊኒኩ መድኃኒት ክፍል ሠራተኛ፤ ተጫዋች፣ ሰነፍ፣ ደግ። ፍሪጁ በር ላይ የተንጠለጠለ ቅጽ አለ፤ ጠዋትና ማታ የሙቀቱ መጠን ይሞላበታል። ይታያል የሳምንቱን ሁሉ ሰኞ ጠዋት ይሞላል። ሁሌም አራት። አራት ደግ ቁጥር ነው፤ ከሁለት ይበልጣል፣ ከስምንት ያንሳል፣ ተቆጣጣሪ አይጠራም። የዚህ አገር ጤና በቅጽ ቢለካ ኖሮ የሚታመም ሰው ባልኖረ።

አንድ ቅዳሜ፣ መብራት ለሁለት ቀን እንደሚጠፋ ተነገረ። ይታያል በቢቸና ፍሪጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ስድስት ሃይላንድ ውኃ ሞልቶ ለስላሳ ሻጩ ፍሪዘር ውስጥ እንደ ድንጋይ አስረጋቸው፤ አምጥቶም ከኢንሱሊኑ ካርቶን ግራና ቀኝ ደረደራቸው። መብራት ቢጠፋም ቅዝቃዜው ይቆያል፤ ብልሃቱ መልካም ነው። መብራቱ ግን አልጠፋም። ይጠፋል በተባለበት ቀን ሳይጠፋ የቀረው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ምነው ያን ቀን እንኳ ቃሉን ባከበረ!

ሃይላንዶቹ ፍሪጁን ቁልቁል ሳቡት። አንድ፣ ዜሮ፣ ከዜሮ በታች አንድ። እዚያ ሲደርስ ስምንቱም ማብሪያዎች በሩ። ቺፑ አወዳደረ፤ ከዜሮ በታች አገር የለም ብሎ ያምናልና፣ ያየው ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ነው። ከስምንት ይበልጣል! ሞተሩን አስነሣ። ፍሪጁ በበረደ ቁጥር ሙቀት ነው እያለ ባሰበት። ሕዝብ ሲከሳ ጠግቧል የሚል ሹም ያየ ሰው ነገሩ አይደንቀውም።

እሑድ ጠዋት ይታያል ስልክ ደወለ። ዘሚራ ሞጣ ናት፤ እህቷ ኸይራት ልትዳር ቤቱ በድቤ ይናወጣል። የሁለት እጇ ሒና ገና አልደረቀም፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዙላት አክስቷ ናቸው።

«ኢንጂነር፣ ፍሪጅሽ ለየለት!»

«ምን ሆነ?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት አለ። አሁን ደግሞ ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት ሆኗል። ትኩሳቱ እየለቀቀው ይሆን? ካልሆነ የሠርጉን በግ ወደዚህ ላኪውና እኔ ልጥበሰው።»

ሳቀች። ሳቋ መሐል አንድ ነገር ልቧን ወጋ አደረጋት። በዚህ ሙያ ያለፈ ሰው ያንን ቁጥር ሲሰማ በስሙ የተጠራ ያህል ይደነግጣል። ለአንዲት አፍታ አወቀችው። ከዚያ ድቤው ጮኸ፤ አክስቷ «አንቺ፣ እጄ ዛለ፤ ጨርሺ!» አሉ፤ ሒናው ኮምፒውተር አያስነካም።

«መብራቱ ሲዋዥቅ እንዲህ ያደርገዋል። አጥፍተህ አብራው» አለችው።

አጥፍቶ አበራው፤ ያው ነው። ቁጥሩ በሽተኛ እንዳያስደነግጥ ይታያል መስታወቱ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጠፈበት። ሰኞ ከፍቶ ሲያይ ውስጡ አመዳይ ለብሷል፤ በረዶውን ያስገባው ራሱ ነውና አልገረመውም። ቅጹን ሞላ። አራት፣ አራት፣ አራት። ረቡዕ መብራት የምሩን ጠፋ፤ ሁለት ቀንም ቆየ። ውስጥ ያለው ሁሉ ቀለጠ። ዓርብ መብራት ሲመለስ ፕላስተሩን አነሣ። ቁጥሩ አራት ይላል፤ ቅጹና ፍሪጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

ቅዳሜ ዘሚራ ከሞጣ ተመልሳ ከአውቶቡስ ስትወርድ ይታያልን መናኸሪያ አገኘችው።

«ፍሪጁስ?»

«ዳነ፤ አራት ይላል። ሠርጉስ?»

ስለ ሠርጉ አወሩ። ፕሮግራሙን ነገ ከፍቼ አየዋለሁ አለች በልቧ። ነገ ሌላ ሥራ መጣ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ሆኖ ከረጋ ቢቀልጥም ጉልበቱ ይሞታል፤ መልኩ ግን አይጮኽም። ከዚያ ካርቶን አንዷን ብልቃጥ የወሰደችው ጥሩአየሁ ናት፤ የመሪጌታ አካለ ወልድ ልጅ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት፤ ቤት ውስጥ ጥልፍ ትጠልፋለች። ብልቃጧን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በውኃ እንስራው አፍ ላይ ነው የምታኖረው፤ ቢቸና ላለ ቤት ከዚያ የተሻለ ፍሪጅ የለም። በሰዓቱ ወጋች፤ አላጎደለችም። ውኃ ጥሙ ግን ጀመራት። በሁለተኛው ሳምንት ማስመለስ መጣ። መሪጌታ ጠበል አጠጧት፤ መድኃኒቷንም እንዳታቋርጥ መከሯት። ሁለቱንም ታዘዘች። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ራሷን እንደ ሳተች ሆስፒታል ገባችና እዚያው ሞተች። ያያት ሐኪም ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቢያየው፣ እንደ ረጋ ወተት ያለ ዝቃጭ ሲዋኝ አገኘ።

ክሊኒኩ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሰብሳቢው አቶ ገብረ ሕይወት። ተከሳሹ ራሱ ዳኛውን የሚመርጥበት ዘዴ በብዙ አገር ታግሏል፤ እኛ ዘንድ ግን አሸንፏል።

የጥሪው ደብዳቤ ለዘሚራ ሲደርሳት ሱቋን ዘጋችና ኮምፒውተሯን ከፈተች። መስመሩን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። አንዲት ትእዛዝ፤ አራት ፊደል።

አባቷ ወሬውን ሰምተው በማግሥቱ በመጀመሪያው መኪና መጡ። ሱቁ ውስጥ ካለችው አንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ።

«ይህን ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። ፕሮግራሙን አንብቦ የሚረዳ ሰው እዚህ የለም።»

ጋሽ አብዱልሐኪም ከጉልበታቸው ላይ የሌለ አቧራ አራገፉ። «የሞተችው የመሪጌታ ልጅ ናት። አንቺ የእኔ ልጅ ነሽ። ሰው የሚሰማው ይህችን ብቻ ነው፤ የቀረውን አይሰማም። እኔ ዋሺ አልልም። ስንት ሆነን እንደምንኖር ግን አስቢ።»

«ይታያልን ያስሩታል አባ።»

«ይታያል የአገሩ ልጅ ነው፤ ይፈታል።»

ይህን ሲሉ ዓይኗን አላዩም።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አቶ ገብረ ሕይወት ከመግባቷ በፊት ኮሪደር ላይ ክንዷን ያዙ። «እህት ዘሚራ፣ ማሽኑ ደህና ነበር በይ፤ አለቀ። ማሽኑ ታሟል ካልሽ ያለ ፈቃድ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ክሊኒኩ ይዘጋል፤ ሕዝብ ይጎዳል። ለሕዝቡ ስትይ!» ሕዝብ የሚለው ቃል የሚመዘዘው ምንጊዜም የግለሰብ ጎተራ ሲነካ ነው።

ይታያል ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ተጫዋችነቱ ረግፏል። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ይርጋነሽ ናቸው፤ የክሊኒኩ ገንዘብ ያዥ።

«ደውዬ ነግሬአታለሁ» አለ ይታያል። «ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ይላል ብያታለሁ።»

«ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ዲግሪ?» አቶ ገብረ ሕይወት ሳቁ። «እንዲህ ከሆነማ ክሊኒኩ ይነድ ነበር! እህት ዘሚራ፣ እንዲህ ያለ ስልክ ደርሶሻል?»

አሁን አንዲት ቃል ብትል ያልቃል። ኧረ አልደረሰኝም። ይታያል መሬት መሬቱን ያያል፤ እንደምትክደው ከወዲሁ ያመነ ይመስላል።

«ደውሎልኛል» አለች ዘሚራ። «ቁጥሩም ትክክል ነው። ከዜሮ በታች አንድ ማለት ነው። እንደ ሙቀት እንዲቆጥረው ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ አስረዳች። ማብሪያ ማጥፊያውን በወረቀት ሣለች፤ ስምንት ክብ። ስታጠቁራቸው፣ ባዶ ስትተዋቸው፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሄደ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ ብዕራቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ለቃለ ጉባኤው አጥሪልኝ። አንድ ነው ወይስ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት?»

«ሁለቱም ነው። አንባቢው ነው የሚለየው።»

«በመንግሥት አሠራር አንድ ቁጥር ሁለት አይሆንም» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ሁለት ሲሆን ብዙ ጊዜ ያዩት እሳቸው ናቸው።

አቶ ገብረ ሕይወት ቅጹን ከፍ አድርገው አሳዩ። «ይኸው ሰነድ! ጠዋት አራት፣ ማታ አራት። ተፈርሞበታል። ሰነድ እያለ በክብ ሥዕል አንዳኝም። ልጅቷ ደንግጣለች፤ አዘኔታዋን እናደንቃለን።»

ውሳኔው እንዲህ ተጻፈ፦ ማሽኑ በሰነድ እንደተረጋገጠው ጤናማ ነው፤ ሥራውን ይቀጥላል። መድኃኒቱ የተበላሸው ሠራተኛው ከመመሪያ ውጭ ባስገባው በረዶ ነው፤ ለሕግ ይቅረብ። ይታያልን ከሰዓት በፊት ፖሊስ ወሰደው። ለዘሚራ በአቶ ገብረ ሕይወት እጅ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጣት። እውነት መናገር እንዲህ ቀሊል መሆኑን አታውቅም ነበር፤ ተናገረችው፣ ተሰማ፣ ከቁጥር አልገባም።

ሦስት ቀን ሱቋን አልከፈተችም። በአራተኛው ቀን መሪጌታ አካለ ወልድ ቤት ሄደች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ቅጥሩ በቅንጭብ የታጠረ ግቢ ነው። መሪጌታ ለደቀ መዛሙርት ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ በዓልና ጾም በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ቁጥር። አርባው ስላልወጣ ጉባኤው ተበትኖ ብቻቸውን መደብ ላይ ተቀምጠዋል።

«የጨርቅ ነጋዴው የአብዱልሐኪም ልጅ አይደለሽም? ነጠላ የምገዛው ከአባትሽ ነው። ግቢ።»

አልተቀመጠችም። «መሪጌታ፣ የጥሩአየሁን መድኃኒት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይታያል አይደለም።»

«በምን አበላሸሽው?»

«በቁጥር።»

«ቁጥር ከሆነ ተናገሪ።»

ስምንቱን ማብሪያ ማጥፊያ ጀመረች። ኮሚቴው ፊት እንዳለችው ሁሉ፣ ስምንቱም ሲበሩ፣ ስምንቱም ሲጠፉ እያለች። መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። ያንቺ ቁጥር ስንት ሲሞላ ነው የሚገደፈው?»

«እንዴት?»

«እኛ አበቅቴና መጥቅዕ ስናወጣ ሠላሳ ሲሞላ እንገድፋለን። ሠላሳው ይጣላል፤ የተረፈው ይያዛል። ምንም ካልተረፈ አልቦ እንለዋለን። ያንቺስ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ነው መሪጌታ።»

«እንግዲያ ከአልቦ አንድ ቢጎድል፣ በእኛ ሃያ ዘጠኝ ላይ ይወድቃል። በአንቺ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ላይ።»

«አዎ።»

«ማሽኑም ጉድለቱን ትርፍ ብሎ ቆጠረው።»

«አዎ።»

«ስለዚህ በበረደ ቁጥር አቀዘቀዘው።»

አንድ ጀማሪ ተማሪ ብራናውን በሚገልጥበት ጊዜ ውስጥ ጨርሰውታል። ዘሚራ በዚህ ከተማ ነገሯ የሚገባው ሰው ስትፈልግ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ ይኸው አገኘችው። ፊታቸውን ስታይ ግን ምነው እኚህም እንደ ወይዘሮ ይርጋነሽ ባልገባቸው አለች።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ «ለለቅሶ የመጣውን ሁሉ ‹ፈቃዱ ነው› ስል ሰነበትኩ። እንዲህ በጣት የሚቆጠር አልመሰለኝም ነበር።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞረው ጠየቁ።

«እንደዚያ እንዲቆጥር የመረጠው ማሽኑ ነው ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ። ማሽኑ አይመርጥም።»

«ስልክ ሲደወልልሽስ፣ አውቀሽው ነበር?»

ይህን ኮሚቴው አልጠየቃትም። አባቷም አልጠየቋት። ለራሷም ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም።

«ለአንዲት አፍታ አውቄው ነበር። ከዚያ ተውኩት።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ፤ መቋሚያቸውን አነሡ። «ነይ» አሉ ብቻ።

እሳቸው ፊት፣ እሷ አሥር እርምጃ ኋላ፣ በገበያው መሐል አለፉ። ከተማው ቆሞ አየ፤ ሐዘንተኛው መሪጌታና የአብዱልሐኪም ልጅ በአንድ መንገድ ሲሄዱ። አንዱ «ምን ሆነው ነው?» አለ። ሌላው ሳያውቅ መለሰ፤ ቢቸና ሳያውቁ መመለስ ነውር አይደለም።

ፖሊስ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሳጅን ሣህለ ማርያም ነው። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አውጥቶ አነበበላቸው። «ማሽኑ ጤናማ ነው ይላል እኮ መሪጌታ። ማኅተም አለው።»

«ወረቀት አምጣ» አሉ መሪጌታ።

በቃለ ጉባኤው ጀርባ ላይ ከአልቦ እስከ ሃያ ዘጠኝ ክብ አድርገው ጻፉ። ብዕሩን አልቦ ላይ አኖሩ። «ከዚህ አንድ ወደ ኋላ ብትሄድ የት ትደርሳለህ?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ሃያ ዘጠኝ ብዙ ነው ወይስ ጉድለት?»

«ብዙ ነው።»

«አልገባህም። እንደገና።»

ድምፃቸው የአስተማሪ ድምፅ ነው፤ አይጮኽም፤ አይቸኩልም። ልጃቸው እንዴት እንደሞተች ለአንድ ፖሊስ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው አስረዱ። ብዕሩ አልቦ ላይ ይቆማል፤ ወደ ኋላ አንድ ይሄዳል፤ ሃያ ዘጠኝን ይነካል። በሁለተኛው ላይ ዘሚራ ልትረዳቸው አፏን ስትከፍት «ዝም በይ» አሏት። በሦስተኛው ላይ ሳጅኑ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ገባኝ መሪጌታ። ይበቃል።»

መዝገቡን ከፈተ። ዘሚራ ቃሏን ሰጠች፤ ስልኩንም ጭምር። ከሰዓት በኋላ ይታያልን ከውስጥ አወጡት። ቀበቶውን እያጠለቀ አጠገቧ ደረሰ።

«ቅጹንም ነገርሻቸው?» አላት በሹክሹክታ። «አራት አራት ያልኩትን?»

«የኔን ነው የተናገርኩት። ያንተን አንተ ተናገር።»

ይታያል በሩ ላይ ጥቂት ቆመ። ወደ ሳጅኑ አየ፤ ወደ መሪጌታ አየ። ከዚያ ወጣና ሄደ።

ሳጅኑ ቁልፉን ያዘ። «እንሂድ እህቴ። ዛሬ እዚሁ ነሽ፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርቢያለሽ።»

«ፍሪጁ እኮ አሁንም በዚያው ፕሮግራም ነው የሚሠራው» አለች ዘሚራ። «አዲስ መድኃኒት ገብቶበታል። መብራት ይጠፋል በተባለ ቀን በረዶ ካስገቡ ያው ነው የሚሆነው። ነቅለው እንዲያወጡት ንገሯቸው።»

«ደብዳቤ እንጽፋለን።»

«መቼ?»

«ሰኞ። ዛሬ ዓርብ አይደል? ማኅተም ያዡ ሄዷል።»

እሷ ወደ ውስጥ ስትገባ ወደ ኋላ ዞረች። መሪጌታ አካለ ወልድ ይቅርታም እርግማንም ሳይሰጧት ከበሩ ወጥተው ነበር። ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ወደ ታች ነው። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ይዘው ሽቅብ፣ ወደ ክሊኒኩ፣ ፍሪጁን በገዛ እጃቸው ሊነቅሉ ወጡ።